የነከሰኝን ነገር አላየሁትም፣ ሽፍታው ግን እየሰፋ ነው፤ ልጠብቅ ወይስ ልሂድ?

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

የ34 ዓመት እናት ነኝ። የምንኖረው የላይም በሽታን የሚያስተላልፉ መዥገሮች እንዳሉበት በሚታወቅ አካባቢ ነው። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ከባለቤቴና ከሁለት ዓመት ልጃችን ጋር ጫካ ውስጥ በሚያልፍ መንገድ ረዘም ያለ የእግር ጉዞ አድርገን ነበር፤ ልጃችን ሣሩ ውስጥ ሲሯሯጥ እኔም እየተከተልሁት ነበር። በሁለተኛው ቀን ገላዬን ስታጠብ ከቀኝ ጉልበቴ በስተኋላ የተጣበቀ ትንሽ ጥቁር ነገር በጣቴ ነካሁ። የደረቀ ደም መስሎኝ በጥፍሬ ፍቄ አነሣሁትና ከውሃው ጋር ሄደ። እግር ይኑረው አይኑረው አላየሁም።

ነገሩን ረስቼው ሳለ ከሦስት ቀን በፊት እኅቴ ልትጠይቀኝ መጥታ «እዚህ ጋ ምን መታሽ?» አለችኝ። በመስታወት ሳየው የበለዘ የሚመስል፣ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያደላ ነገር ነው። ቆዳዬ ጠይም ስለሆነ ዳርቻው በደንብ አይለይም። አያሳክከኝም፣ አያመኝም፤ ስነካው ግን ሞቅ ይላል። ያን ቀን ሁለት ጣት ያህል ስፋት ነበረው፤ ዛሬ መዳፌን ያክላል። ኢንተርኔት ላይ የማያቸው ፎቶዎች መሃላቸው ነጣ ያለ ክብ ቀለበት ያሳያሉ፤ የእኔ እንደዚያ አይደለም። ከትናንት ጀምሮ ድካምና ራስ ምታት ይሰማኛል፤ ሌሊቱን ስለ በሽታው ሳነብ ስለማድር በእንቅልፍ ማጣት ይሁን በሌላ ምክንያት ለይቼ አላውቅም።

ባለቤቴ «መዥገር መሆኑን እንኳ አላየሽም፤ ጥቂት ቀን ጠብቂ» ይለኛል። አንዲት ጓደኛዬ ከራሷ ሕክምና የተረፈ አንቲባዮቲክ አላትና «እሱን ጀምሪ» ብላኛለች። ወደ ሐኪም መሄድ ደግሞ ያሳፍረኛል። ባለፈው ዓመት ደረቴን አጥብቆ ይዞኝ ስሄድ «ጭንቀት ነው፤ ብዙ አታንብቢ» ተብዬ ተመልሻለሁ። አሁንም ያላየሁትን ተባይ ይዤ ብሄድ ምን ይሉኛል? ልጄን ገና ጡት አላስጣልሁትም፤ በወተቴ ይተላለፍበት ይሆን? እሱስ ራሱ ተነክሶ ቢሆን? የደም ምርመራ አድርጌ ነጻ መሆኔን ባውቅ ለእኔ ይበቃኝ ነበር። ከእንግዲህ ልጄን ይዤ ጫካ የምገባም አይመስለኝም። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት እናት

---

ውድ እህቴ፣

ወደ ሌላው ሐሳብ ሁሉ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ዛሬ፣ ካልተቻለም ነገ፣ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ሽፍታውን ያሳዩ። ቀለበት እስኪሠራ፣ ትኩሳት እስኪይዝዎ ወይም ባለቤትዎ እስኪያምኑ አይጠብቁ። እኔ በደብዳቤ ብቻ ሕመምዎ ይህ ነው ልልዎ አልችልም። ነገር ግን የላይም በሽታ በሚገኝበት አካባቢ የሚኖር ሰው፣ ከጫካ ጉዞ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ነገር ተጣብቆበት በነበረው ቦታ ላይ የማያሳክክና ከቀን ወደ ቀን የሚሰፋ ሽፍታ ካወጣ፣ ያ ሽፍታ በሐኪም ዓይን መታየት አለበት። ስለዚህ «ልጠብቅ ወይስ ልሂድ?» ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ ይሂዱ ነው።

መዥገሩን ባለማየትዎ እጅዎ ላይ ምንም ማስረጃ የሌለ አድርገው ጽፈዋል፤ እኔ ግን ደብዳቤዎን ሳነብ ብዙ ማስረጃ አገኘሁበት። በላይም ከተያዙት ሰዎች ብዙዎቹ የነከሳቸውን ፈጽሞ አላዩትም። በሽታውን ለሰው በብዛት የሚያስተላልፈው ገና ለአካለ መጠን ያልደረሰው መዥገር ሲሆን ቁመቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ሲነክስም አያሳምምም። የሚመርጠውም ብብትን፣ ብሽሽትን፣ የፀጉር ውስጥንና እርስዎ እንዳሉት ከጉልበት በስተኋላ ያለውን የተሸሸገ ቦታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚኖረው በመዥገሩ አንጀት ውስጥ ስለሆነ ደም መምጠጥ ከጀመረ በኋላ ወደ ምራቁ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጅበታል፤ በዚህም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ በሽታው የሚተላለፈው መዥገሩ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ ከቆየ ነው። እርስዎ ያገኙት ነገር በጉዞው ቀን የተጣበቀ መዥገር ከነበረ ሁለት ቀን ገደማ ቆይቷል ማለት ነው። ይህ ቀንና ሰዓት ለሐኪሙ ከመዥገሩ ሬሳ የማይተናነስ መረጃ ነው።

በጥፍር ፍቀው በማንሣትዎ ራስዎን እንዳይወቅሱም እለምንዎታለሁ። መዥገር መሆኑን ያላወቀ ሰው ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል? የአፉ ቅሪት ቆዳ ውስጥ ቀርቶ ቢሆን እንኳ ቆዳው ራሱ ቀስ በቀስ ያስወጣዋል፤ ስለዚህ በመርፌም ሆነ በሌላ ነገር ቦታውን አይቆስቁሱት።

ስለ ሽፍታው ቀለም ሰፋ አድርጌ ልጽፍልዎ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ጠይም ሰዎችን የሚያሳስተው ይህ ጉዳይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያዩዋቸው ባለ ቀለበት ፎቶዎች አብዛኞቹ በነጣ ቆዳ ላይ የተነሡ ናቸው፤ በነጣ ቆዳ ላይ እንኳ ቢሆን ከላይም ሽፍታዎች ብዙዎቹ ቀለበት አይሠሩም፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሆነው ይሰፋሉ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ቀይ ከመምሰል ይልቅ የበለዘ፣ የጠቆረ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት «ተመትቼ ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። እኅትዎ «ምን መታሽ?» ብለው የጠየቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ፎቶውን ስላልመሰለ አይደለም ብለው ራስዎን አያሳምኑ። ከቀለሙ ይልቅ ሁለት ነገሮች ይበልጥ ይመዝናሉ፤ አንደኛው የወጣበት ጊዜ፣ ሁለተኛው መስፋቱ ነው። መዥገር በነከሰ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ የሚታይ፣ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ያነሰና ቶሎ የሚጠፋ መቅላት ብዙውን ጊዜ ለመዥገሩ ምራቅ የሚሰጥ የቆዳ ቁጣ እንጂ ላይም አይደለም። የላይም ሽፍታ ግን ከንክሻው በኋላ ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ፣ በአማካይ በሳምንቱ ገደማ ይወጣና በቀናት ውስጥ እየሰፋ እስከ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ሲነካ ሞቅ ሊል ይችላል፤ ማሳከክና ማመም ግን ብዙም የለበትም። ከተያዙት ሰዎች ከ70 እስከ 80 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይታያል። ይህን ካነበቡ በኋላ የራስዎን ደብዳቤ መልሰው ቢያነቡት ለምን ቶሎ ይሂዱ እንዳልሁ ይረዱኛል።

ከመሄድዎ በፊት አንድ ሥራ ይሥሩ፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅም። የሽፍታውን ዳርቻ በእስክርቢቶ ከበው በቀን ብርሃን ፎቶ እንዲያነሡልዎ ባለቤትዎን ወይም እኅትዎን ይጠይቁ፤ አጠገቡ ማስመሪያ ቢቀመጥ መጠኑ አያከራክርም። ዳርቻው ለዓይን ካልለየ ቆዳው ሞቅ የሚልበትን ወሰን በእጅ በመዳሰስ መከተል ይቻላል። ፎቶውን ያነሡበትን ቀንና ሰዓት ይጻፉበት።

የደም ምርመራ ብቻ ይበቃኛል ማለትዎ ይገባኛል፤ የተጨነቀ ሰው አዎ ወይም አይደለም የሚል ወረቀት በእጁ ቢይዝ ይወዳል። ችግሩ ምርመራው አሁን ለእርስዎ ይህን ሊሰጥዎ አለመቻሉ ነው። ምርመራው የሚፈልገው ባክቴሪያውን ራሱን ሳይሆን ሰውነትዎ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚያመርታቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው፤ እነዚህም በምርመራ ሊገኙ በሚችሉበት መጠን እስኪደርሱ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳሉ። ሽፍታው ገና በወጣበት ሰሞን የሚደረግ ምርመራ በሽታው እያለ የለም ብሎ ሊያሳርፍዎ ይችላል፤ እኔም የምፈራው ይህንኑ የሐሰት ዕረፍት ነው። በአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች፣ የነርቭና የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2020 በጋራ ያወጡት መመሪያ፣ በሽታው በሚገኝበት አካባቢ ግልጽ የሆነ የላይም ሽፍታ ያለበት ሰው የደም ውጤት ሳይጠበቅ ሽፍታውን በማየት ብቻ ሕክምና እንዲጀምር ይመክራል። ሽፍታው ለሐኪሙ አጠራጣሪ ከሆነ ግን አሁን አንድ ጊዜ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ደም ተወስዶ ይነጻጸራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውጤት ነጻ ነዎት ቢል ሁለተኛው መቼ እንደሚደረግ ሳይጠይቁ አይውጡ።

ጓደኛዎ ያቀረቡልዎ መድኃኒት ከመልካም ልብ የመጣ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ግን አይጀምሩት። ለላይም የሚሠራው ሁሉም አንቲባዮቲክ አይደለም። ከሌላ ሰው ሕክምና የተረፈ እሽግ ደግሞ ሙሉ ሕክምናውን አይሸፍንም፤ መጠኑም ለእርስዎና ለሚያጠቡት ልጅ ታስቦ የተሰጠ አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ በግማሽ የተወሰደ መድኃኒት ሽፍታውን አደብዝዞ ሐኪሙ እንዳያየው ሊያደርግ፣ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካላት እንዳያመርትም ሊገታ ስለሚችል በሽታው ሳይድን ማስረጃው ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ለጓደኛዎ «አመሰግናለሁ፤ ሐኪም ካየኝ በኋላ እነግርሻለሁ» ማለት የሚያስቀይም አይመስለኝም። ምናልባት በንባብዎ መካከል ከንክሻ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚዋጥ መከላከያ መድኃኒት አይተው ይሆናል። እሱም የሚሰጠው መዥገሩ ከተነቀለ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ምልክት ላልታየበት ሰው ነው፤ ለእርስዎ ጊዜው አልፏል፤ ሽፍታ የወጣበት ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ሙሉ ሕክምና ነው።

አሁን ወደ ሐፍረቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም ከመዥገሩ በላይ ወደ ኋላ የያዘዎ እሱ ይመስለኛል። ባለፈው ዓመት የሰሙት ቃል እስካሁን ያምዎታል። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፤ የሚፈሩት ሐኪሙ ምንም የለብዎትም ብሎ እንዳይመልስዎ ነው፣ ወይስ «ተጨናቂ ናት» የሚል ስም እንዳይወጣልዎ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ከሆነ፣ ምንም የለብዎትም መባል እኮ የምሥራች ነው። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ሰው ጭንቀትም ሽፍታም በአንድ ጊዜ ሊኖሩት እንደሚችሉ ያስታውሱ፤ አንዱ መኖሩ ሌላውን ሐሰት አያደርገውም። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ሐፍረት ነው።

ስለዚህ በሽታ ታሪክ አንድ ነገር ብነግርዎ ምናልባት ድፍረት ይሰጥዎ ይሆናል። በሽታው ስሙን ያገኘው በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ከምትገኝ ላይም ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ ይኖሩ የነበሩ ፖሊ መሪ የተባሉ እናት በራሳቸውና በልጆቻቸው ላይ የሚመላለሰውን ሽፍታና የመገጣጠሚያ እብጠት ለዓመታት በማስታወሻ ይዘው ነበር፤ ከአንድም ሁለት ጊዜ አሳማኝ መልስ አጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 እሳቸውና ሌላ እናት በየፊናቸው ወደ ጤና ባለሥልጣናት ከደወሉ በኋላ ነው ምርምሩ የተጀመረው፤ ቪሊ ቡርግዶርፈር የተባሉት ተመራማሪ ከመዥገር ውስጥ ያገኙት ባክቴሪያም እ.ኤ.አ. በ1982 ይፋ ሆነ። ዛሬ ሐኪሞች ስለ ላይም የሚያውቁት ነገር የተጀመረው ማስታወሻዋን ይዛ ለመናገር ባላፈረች እናት ነው። እርስዎም የያዙት ቀንና ፎቶ ከዚያ ማስታወሻ የሚለይ አይደለም።

ሲገቡ ብዙ ማብራራት አያስፈልግዎትም። «የዛሬ አሥራ አንድ ቀን መዥገር ባለበት ጫካ ተጉዣለሁ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ከዚህ ቦታ ላይ የተጣበቀ ነገር አንሥቻለሁ፤ አሁን በዚያው ቦታ ላይ በሦስት ቀን ውስጥ ከሁለት ጣት ወደ መዳፍ የሰፋ ሽፍታ ወጥቷል፤ ድካምና ራስ ምታትም አለኝ፤ ልጅ አጠባለሁ» ቢሉ በቂ ነው። ያነበቡትን ሳይሆን ያዩትን በመናገር ይጀምሩ። በቅርቡ ወደ ሌላ አገር ሄደው ከነበረም ይጥቀሱ፤ በየአካባቢው ያሉ መዥገሮች የሚያስተላልፉት በሽታ ይለያያልና። ብቻዎን መግባት ከከበደዎ ሽፍታውን መጀመሪያ ያዩት እኅትዎ አብረውዎ ይግቡ። ሐኪሙ ላይም አይደለም ካለ ደግሞ «ታዲያ ምን ይመስልዎታል? ምን ብመለከት ልመለስ?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው። የቆዳ ፈንገስ፣ የቆዳ ኢንፌክሽን ወይም የሌላ ነፍሳት ንክሻም ሊሆን ይችላል፤ እነሱም ቢሆኑ የራሳቸው ሕክምና አላቸው።

ልጅዎን ማጥባትዎን አያቋርጡ። የላይም በሽታ በእናት ጡት ወተት ወደ ሕፃን መተላለፉ የተመዘገበበት ሁኔታ የለም፤ በመሳሳም፣ በመተቃቀፍና አብሮ በመተኛትም አይተላለፍም። ማጥባትዎን መናገር የሚያስፈልገው ለመድኃኒቱ ምርጫ ነው። ለሽፍታው ደረጃ በብዛት የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ሲሆን አሞክሲሲሊንና ሴፉሮክሲምም በእሱ ምትክ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ለሚያጠባ እናት የሚስማማ መንገድ አይጠፋም። እርግዝና የሚጠረጥሩ ከሆነም ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ ያልታከመ ላይም በእርግዝና ወቅት የእንግዴ ልጅን ሊበክል ይችላልና። ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘልዎ በብዙ ውሃ ይዋጡት፣ ወዲያው አይጋደሙ፣ ከጠንካራ ፀሐይም ይጠንቀቁ። መድኃኒቱን በጀመሩ በመጀመሪያው ቀን ትኩሳትና የሰውነት መቆራጠም ቢብስብዎ አይደንግጡ፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ይከሠታል፤ ብዙውን ጊዜም በአንድ ቀን ውስጥ ያልፋል።

ልጅዎን ዛሬ ማታ ሲያጥቡት በጥሩ ብርሃን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጣቶቹ መካከል ይዩት፤ የጆሮውን ጀርባ፣ አንገቱን፣ ብብቱን፣ እምብርቱን፣ ብሽሽቱን፣ ከጉልበቱ በስተኋላ ያለውንም አይዝለሉ። የዚያን ቀን የተጣበቀ መዥገር እስካሁን ጠግቦ ወድቆ ስለሚሆን የሚፈልጉት መዥገሩን ሳይሆን የሚሰፋ ሽፍታ ነው። ምንም ከሌለና ልጁ እንደወትሮው የሚጫወት ከሆነ ምርመራም መድኃኒትም አያስፈልገውም፤ ከጉዞው ቀን ጀምሮ ወር እስኪሞላ ድረስ ሽፍታ፣ ትኩሳት ወይም ያለ ምክንያት መነጫነጭ ካዩበት ለሐኪሙ ያሳዩት። ባለቤትዎም አብረው ተጉዘዋልና እሳቸውም መታየታቸውን አይርሱ።

ባለቤትዎ «ጠብቂ» ማለታቸው ንቀት ነው ብለው ወስደውት ከሆነ፣ እኔ እንደዚያ ለማለት አልደፍርም። አንዳንድ ሰው የሚወደው ሰው ሲታመም ፍርሃቱን የሚያስታግሠው ነገሩን በማቅለል ነው። ማታ ላይ በክርክር መልክ ከማንሣት ይልቅ የተነሣውን ፎቶ ያሳዩአቸውና «መዥገር ነው አይደለም ብለን መከራከሩን ትተን፣ ነገ ልጁን ያዝልኝና ልታይ» ይበሏቸው። የሚጠይቋቸው እምነታቸውን ሳይሆን የአንድ ጠዋት ድጋፋቸውን ስለሆነ እምቢ ለማለት ይከብዳቸዋል።

ሌሊት ስለሚያነቡት ነገርም ልናገር። ከላይም በኋላ ለዓመታት ታመው ስለኖሩ ሰዎች የሚጻፈው ሁሉ ሐሰት ነው አልልዎም፤ ሥቃያቸው እውነተኛ ነው። ነገር ግን እርስዎ ያሉበት ደረጃ የእነሱ ደረጃ አይደለም። በሽፍታው ጊዜ የታወቀ ላይም በአብዛኛው ከ10 እስከ 14 ቀን በሚወሰድ አንቲባዮቲክ ይታከማል፤ አብዛኛውም ሰው ፈጽሞ ይድናል። ከታከሙት መካከል ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ድካም፣ የሰውነት ሕመም ወይም ሐሳብን የመሰብሰብ ችግር ከስድስት ወር በላይ ሊቆይባቸው ይችላል፤ ይህም በጊዜ ሂደት እየቀነሰ የሚሄድ ሲሆን ለወራት አንቲባዮቲክ መውሰድ ግን እንደማይረዳቸው፣ ይልቁንም ሊጎዳቸው እንደሚችል በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ውድ ሕክምና የሚያቀርብልዎ ሰው ቢያጋጥምዎ ይራቁ። ቀጠሮዎ እስኪደርስ ስልኩን ከመኝታ ቤት ውጭ አሳድረው ይተኙ፤ ድካሙ ከእንቅልፍ ማጣት ይሁን ከሕመሙ ለመለየትም ይረዳዎታል።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ምልክቶችም አሉ። የፊትዎ አንድ ጎን ከወደቀ ወይም ዓይንዎ አልከደን ካለ፣ ብርቱ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ጋር ከያዘዎ፣ የልብዎ ምት ከተዛባ፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም ደረትዎን ካመመዎ አንድ ሌሊት እንኳ አያሳድሩት፤ ላይም ወደ ነርቭና ወደ ልብ ሲደርስ የሚያሳየው እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ስለ ደረትዎ የተባሉት ቃል በዚህ ጊዜ እግርዎን እንዳያሥረው አደራ እላለሁ። ብርቱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣም በዚያው ቀን ይታዩ፤ አንድ መዥገር ከላይም ሌላ በሽታም ሊያስተላልፍ ስለሚችል ሐኪሙ ሌላ ምርመራ ሊጨምር ይችላል። ሳምንታት ወይም ወራት ካለፉ በኋላ ጉልበትዎ ቢያብጥም ይህን ንክሻ አስታውሰው ይናገሩ።

ጫካውን ለዘለዓለም ስለ መተው አሁን አይወስኑ፤ በፍርሃት መካከል የተወሰነ ውሳኔ ልጅዎንም ከሣርና ከዛፍ ያርቀዋል። ተመልሰው ሲሄዱ ረጅም ሱሪ ለብሰው ጫፉን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፣ በመንገዱ መሃል ይሂዱ፣ ለቆዳ የተፈቀደ ተባይ መከላከያ ይቀቡ፤ ለልጅዎ የሚስማማውን ፋርማሲስት ይጠይቁ። ቤት ሲደርሱ ልብሱን በማድረቂያ ማሽን በከፍተኛ ሙቀት ለ10 ደቂቃ ማድረቅ የተደበቀውን መዥገር ይገድለዋል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ገላ መታጠብና መላ ሰውነትን መፈተሽም ሳይጣበቅ ለማግኘት ይረዳል። ጫፉ ሹል የሆነ ወረንጦ ቤትዎ ውስጥ ይኑር። መዥገር ካገኙ በተቻለ መጠን ወደ ቆዳው ቀርበው ይያዙትና ሳያጣምሙ፣ ሳይጎትጉቱ፣ ቀጥ አድርገው በዝግታ ይሳቡት፤ ቫዝሊን፣ የጥፍር ቀለም ወይም እሳት አያስጠጉበት፤ በጣትም አይጨፍልቁት። ቦታውን በሳሙናና በውሃ ይጠቡ፣ መዥገሩን ፎቶ አንሥተው በተዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ፤ ከዚያም ሦስት ቀን ሳያልፍ ወደ ሐኪም ደውለው ስለዚያ የአንድ ጊዜ መከላከያ ይጠይቁ።